ለጋሼ እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

ጥያቄ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የ31 አመት ሴት ነኝ፣ ከ7 አመት በፊት አንድ እቃ አስመጪ ድርጅት ካሸር ሆኜ ገባሁ፣ አሁን እዛው አካውንታንት ነኝ። የምኖረው ጀሞ ነው፣ ታናሽ ወንድሜን የማስተምረው እኔ ነኝ። የምፅፍላችሁ ስለ አለቃዬ ነው። የፋይናንስ ሀላፊያችን ናቸው፣ የአባቴ እኩያ ስለሆኑ ጋሼ ነው የምላቸው። ስቀጠር ኤችአር ዋስ አምጪ ሲለኝ አዲስ አበባ ላይ ደሞዝተኛ ዘመድ አልነበረኝም፣ ስራው ከእጄ ሊወጣ ሲል ጋሼ ናቸው የራሳቸውን ጓደኛ ለምነው ያስፈረሙልኝ፣ ሰውየው እኔን አይተውኝ እንኳን አያውቁም ነበር። ዲግሪዬን ማታ ስማር ፈተና ሲደርስ ቀድሜ እንድወጣ ያደርጉኝ ነበር፣ ድርጅቱ የትምህርት ክፍያዬን ግማሽ እንዲሸፍን ማናጀሩ ቢሮ ገብተው ተከራክረውልኛል (ለሱ 2 አመት አገለግላለሁ ብዬ ፈርሜ ነበር፣ ጊዜው አልቋል)። እናቴ ስታርፍ ደሞ ደሴ ድረስ መጥተው ለቅሶ ተቀምጠዋል።

ከወር በፊት አንዷ ጓደኛዬ ሲቪሽን ላኪ አለችኝና ላኩኝ፣ ቦሌ አካባቢ ያለ ኤንጂኦ ነው፣ የፕሮጀክት ፋይናንስ ኦፊሰር። ኢንተርቪው ጠሩኝ፣ ባለፈው ሳምንት ደውለው አልፈሻል አሉኝ። ደሞዙ 45 ሺ ነው፣ አሁን የማገኘው 28 ሺ ነው። ኮንትራቱ የ1 አመት ሆኖ ይታደሳል ብለዋል። ሀምሌ 2016 ዶላሩ ከተለቀቀ ወዲህ ኑሮውን ታውቁታላችሁ፣ የቤት ኪራይና ትራንስፖርት ከፍዬ የወንድሜን ስጨምርበት ወሩ 20 ላይ ያልቅብኛል። ስለዚ ደስ ሊለኝ ሲገባ እንቅልፍ ነው ያጣሁት። ትላንትና ጋሼ "ዘንድሮ ሰኔን ስንዘጋ ኦዲቱን አንቺ ነሽ የምታስጨርሺው" ሲሉኝ አይናቸውን ማየት አቃተኝ። ጓደኛዬ ዝም ብለሽ ሪዛይን ደብዳቤሽን ኤችአር ጣይና ጥፊ ትለኛለች፣ አክስቴ ደሞ የሰው ውለታ በልቶ መሄድ ደግ አይደለም አለችኝ። እውነት ከሀዲ ነኝ? ከሄድኩስ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው? አዲሶቹም ዋስ አምጪ ብለውኛል፣ እኔ ደሞ የማውቀው ትልቅ ሰው ጋሼ ብቻ ናቸው።

ስሜ ይቆይ፣ ከጀሞ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ካነበብኩት ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣም፣ ምክንያቱን በኋላ እነግርሻለሁ። አንደኛ ነገር ከሀዲ አይደለሽም። ሁለተኛ ነገር፣ ወረቀቱ በእጅሽ ከገባና ከታች የማነሳቸውን ጥያቄዎች ጠይቀሽ መልሱ ደና ከሆነ ሂጂ ነው የምልሽ።

ውለታ ያልሽውን ግን እንዳለ አንድ ላይ አትጠቅልይው፣ ሁለት የተለያየ ነገር ነው ያለው። የድርጅቱ አለ፣ የጋሼ አለ። ድርጅቱ ግማሽ ክፍያ ሸፈነልሽ፣ በምላሹ 2 አመት አስፈረመሽ፣ ሰርተሽ ጨረስሽ፣ ሂሳቡ ተዘግቷል፣ አካውንታንት ነሽ ይሄን ላንቺ አላስረዳሽም። (ብቻ የፈረምሽውን ወረቀት አውጥተሽ 2 አመቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር እይው፣ ከፈረምሽበት ቀን ነው ወይስ ከተመረቅሽበት ቀን፣ ብዙ ሰው እዚች ጋር ነው የሚሳሳተው።) የጋሼ ሌላ ነው። የማያውቁሽን ልጅ አምነው ዋስ ሲያፈላልጉ፣ ደሴ ድረስ ሄደው ለእናትሽ ለቅሶ ሲቀመጡ፣ እዛ ወንበር ላይ ስንት አመት ትቀመጥልኛለች ብለው አስበው አይደለም። የሳቸውን ውለታ ለድርጅቱ በመስራት ልትከፍይው ብትሞክሪ ለማይመለከተው ሰው ነው የምትከፍይው። ለራሳቸው ነው የሚከፈለው፣ ሌላ ቦታ እየሰራሽም ይከፈላል።

አሁን ምክንያቱን ልንገርሽ። እኔ ሰው ሀይል ላይ ብዙ አመት ከመስራቴ በፊት ፀሀፊ ነበርኩ፣ አለቃዬ ኮምፒውተር ከመክፈት ጀምሮ ያስተማረችኝ ሴት ነበረች፣ እትዬ ነበር የምላት። የተሻለ ስራ ሳገኝ ልነግራት አፈርኩ፣ ነገ ነገ እያልኩ ሳምንት አለፈና ደብዳቤውን አስተዳደር አስገባሁት፣ በነጋታው ከሹፌሩ ሰማች። ቢሮዋ ስገባ አልተቆጣችም፣ "ከአንቺ አፍ ብሰማው ምን ነበረበት" ብቻ ነው ያለችኝ። መሄዴ አልነበረም ያስቀየማት። ከዛ በኋላ ተገናኝተን እናውቃለን፣ ሰላም እንባባላለን፣ ግን እንደበፊቱ ሆነን አናውቅም፣ ይሄ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚ ካንቺ የምፈልገው ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ ጋሼ ከማንም በፊት ካንቺ ይስሙ። ጓደኛሽ ያለችሽን እንዳታደርጊ።

ግን ዛሬም ነገም አትንገሪያቸው። በስልክ አልፈሻል መባል ስራ አይደለም። በስልክ ተነግሮት የነበረበትን ስራ ለቆ ከዛ በጀቱ አልፀደቀም ተብሎ መሀል ሜዳ ላይ የቀረ ሰው በእጄ አስተናግጃለሁ፣ አንድም ሁለትም አይደሉም። ደሞዙ፣ የምትጀምሪበት ቀን፣ የኮንትራቱ ርዝመት ያለበት የተፈረመ ማህተም ያረፈበት ወረቀት እጅሽ ይግባ። ያንን ስትጠብቂ አዲሶቹን በትህትና ጠይቂያቸው፣ ፕሮጀክቱን የሚደግፈው ማነው፣ ገንዘቡስ እስከመቼ ነው የተፈቀደው? ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ እርዳታ በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ይታደሳል የተባለ ኮንትራት ይዞ የነበረ ስንት የፕሮጀክት ሰራተኛ ቤቱ እንደገባ አይተናል፣ ጥሩ ሰራተኛ መሆናቸው አላዳናቸውም። ገንዘቡ 3 ወይ 4 አመት ተፈቅዶ ኮንትራቱ ብቻ በየአመቱ የሚፈረም ከሆነ አንድ ነገር ነው፣ ገንዘቡም ራሱ በየአመቱ የሚለመን ከሆነ ደሞ ሌላ። ፕሮቤሽኑንም አትርሺ፣ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የስራ ቀን ነው፣ ወደ 3 ወር ይጠጋል ማለት ነው፣ በዛ ጊዜ ውስጥ ለስራው አልሆነችም ካሉ ያለማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። ይሄን የምልሽ ላስፈራራሽ አይደለም፣ አውቀሽ ግቢ ነው።

ብሩን ደሞ በኔት አስቢው እንጂ በግሮስ አትይው። ልዩነቱ 17 ሺ ነው፣ ግን አንቺ ያለሽበት ደሞዝ ላይ ከሚጨመርልሽ ከእያንዳንዱ 100 ብር 35ቱ ለታክስ 7ቱ ለጡረታ ስለሚቆረጥ 58 ብር ነው የሚደርስሽ፣ ስለዚ እጅሽ ላይ የሚጨመረው በወር 9,860 ብር ነው። ትንሽ ነው እያልኩ አይደለም፣ የወንድሜን ችዬ ወሩን እጨርሳለሁ ወይ የሚለውን በዚ ቁጥር ስሪው፣ በ17 ሺው አይደለም። 45 ሺው ውስጥ ስንቱ ቤዚክ ስንቱ አበል እንደሆነም ጠይቂ፣ ጡረታ የሚሰላው በቤዚኩ ነው። ቀጣሪሽ በጡረታ ነው ወይስ በፕሮቪደንት ፈንድ (በጡረታ ፈንታ ለሰራተኛው የሚጠራቀም ቁጠባ) የሚለውንም እዛው ጠይቂ፣ በጡረታ ከሆነ መለያ ቁጥርሽን ይዘሽ ነው የምትሄጂው፣ የ7 አመቱ አይጠፋም፣ ከዛኛው ጋር ይደመራል።

ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ በራስ ፍቃድ የለቀቀ ሰው ምንም አያገኝም የሚባል ወሬ አለ፣ ትክክል አይደለም። 5 አመትና ከዛ በላይ ያገለገለ ሰው፣ ከስልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ ከሌለበት በራሱ ፍላጎት ሲለቅም የስራ ስንብት ክፍያ አለው። (ያቺን የ2 አመት ወረቀት እያት ያልኩሽ ለዚም ጭምር ነው።) ስሌቱ ለመጀመሪያው አመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ከዛ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ አመት የዛ አንድ ሶስተኛ ነው፣ ጠቅላላው ከ12 ወር ደሞዝ አይበልጥም። ያንቺ 7 አመት ሞልቶ ከሆነ የ3 ወር ደሞዝ ነው፣ ከታክስ በፊት ወደ 84 ሺ ብር። ያልወሰድሽው የአመት ፍቃድ ካለም በገንዘብ ይታሰብልሻል። ይሄን ብር እባክሽ እንዳትነኪው፣ የ1 አመት ኮንትራት ይዞ ለሚገባ ሰው ኮንትራቱ ባይታደስ የ3 ወር መተንፈሻ ነው። አዲሱ ቦታ ላይ ለስንብት ክፍያ አገልግሎትሽ ከዜሮ ነው የሚቆጠረው።

ወረቀቱ ሲመጣ ጋሼ ጋር ግቢ። ወር መዝጊያ ላይ አይሁን፣ ሰው በሚገባበት በሚወጣበት ሰአትም አይሁን፣ ምሳ ሰአት ላይ ወይ ከስራ መውጫ ላይ "ጋሼ 10 ደቂቃ ፈልጌዎት ነበር" በያቸው። ከዛ አታንዛዢው። "ጋሼ፣ ከማንም በፊት ከእኔ እንዲሰሙ ብዬ ነው። ሌላ ቦታ ስራ አግኝቻለሁ፣ ልሄድ ወስኛለሁ። እዚ የደረስኩት በእርስዎ ነው፣ ዋስ ያፈላለጉልኝን፣ ማናጀሩ ጋር ገብተው የተከራከሩልኝን፣ ለእናቴ ደሴ ድረስ የመጡትን መቼም አልረሳውም።" በቃ። ከዛ ዝም በይ፣ እሳቸው ይናገሩ። ይቅርታ ይቅርታ አታብዢ፣ ጥፋት ያጠፋሽ ያስመስልብሻል፣ እሳቸውም ሊያፅናኑሽ ይገደዳሉ፣ የዛን እለት መፅናናት ያለባቸው እሳቸው ናቸው። ደሞዙ አነሰኝ፣ ማናጀሩ እንዲ ነው ምናምን እያልሽም የድርጅቱን ጉድለት አትዘርዝሪላቸው። ስንት ሰጡሽ ብለው ከጠየቁሽ ግን እውነቱን ንገሪያቸው፣ የሰው ሳላሪ ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው።

ሊከፋቸው ይችላል፣ ሁለት ሶስት ቀን ዝም ሊሉሽም ይችላሉ፣ እሱን ቻይው። የበለጠ የሚያሳስበኝ "ቆይ ማናጀሩን ላናግርልሽ፣ ደሞዝ እናስጨምራለን" ካሉሽ ነው፣ እንደሳቸው አይነት ሰው ማለቱ አይቀርም። ይሄን ጥያቄ ከመግባትሽ በፊት ለራስሽ መልሺው። 38 ሺ ቢያደርጉልኝ እቀራለሁ የምትይ ከሆነ የኤንጂኦውን ወረቀት ሳትፈርሚ ሄደሽ በግልፅ ጭማሪ ጠይቂ፣ ምንም ነውር የለውም። አልቀርም የምትይ ከሆነ ግን እንዲሞክሩልሽ አትፍቀጂ፣ "አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ወስኛለሁ" በይ። ምክንያቱም አንዴ ማናጀሩ ጋር ላንቺ ትምህርት ተከራክረዋል፣ አሁንም ገብተው ፊታቸውን ሰጥተው አስጨምረውልሽ አንቺ ከ3 ወር በኋላ ብትሄጂ የሚያፍሩት እሳቸው ናቸው፣ ቀጥሎ ለሚመጣው ልጅ ሊከራከሩ ሲገቡም የሚሰማቸው አያገኙም።

ኦዲቱ ደሞ ያስጨነቀሽ ይመስለኛል፣ ልክ ነሽ። በህጉ ካንቺ የሚጠበቀው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው፣ ደብዳቤ ጥለሽ ብትጠፊ እስከ 30 ቀን ደሞዝሽ ድረስ ካሳ ሊቆርጡብሽ ይችላሉ፣ ጓደኛሽ ይሄን የነገረችሽ አይመስለኝም። አዲሶቹን ግን ከ30 ቀን ትንሽ ከፍ አድርገሽ 6 ሳምንት ለምኚያቸው፣ ፋይናንስ ሰው ርክክብ እንዳለበት ያውቃሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ እሺ ይላሉ። በዛ ጊዜ የባንክ ማስታረቂያውን እስካለሽበት ወር ጨርሺ፣ ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያ በማን ስም ስንት እንዳለ ፅፈሽ አስቀምጪ፣ የትኛው ፋይል የት እንዳለ ለሚተካሽ ሰው አሳዪ። ሰኔ 30 ተዘግቶ ኦዲተር ሲመጣ ጋሼ ፋይል ፍለጋ ላይ ታች እንዳይሉ ካደረግሽ ትልቅ ነገር ነው። ከሄድሽ በኋላ አንድ ቅዳሜ ልምጣ ማለት ትችያለሽ፣ ማድረግ የማትችይውን ግን ቃል አትግቢ።

ደብዳቤውን ለጋሼ በነገርሽ በነጋታው ለኤችአር አስገቢ፣ ገቢ የተደረገበት ማህተም ያለበትን ኮፒ ያዢ። ካዝና፣ ቼክ፣ ፓስወርድ፣ ፔቲ ካሽ፣ ሁሉንም በፊርማ አስረክቢ፣ ካሸር የነበርሽበትን ጊዜም ጨምሮ ክሊራንስ ይሰራልሽ። ስራሽ ካበቃ በኋላ ክፍያሽ በ7 የስራ ቀን ውስጥ ሊፈፀም ይገባል፣ ርክክቡ ባንቺ በኩል ተንጠልጥሎ ከሆነ ግን ለመጠየቅም አይመችሽም።

አሁን ወደ ዋሱ። የጋሼ ጓደኛ፣ ያ አይተውሽ የማያውቁት ሰውዬ፣ እስከዛሬ ያንቺን ዋስትና ተሸክመው ነው ያሉት። ክሊራንስሽ ሲያልቅ ዋስትናው መውረዱን የሚገልፅ ደብዳቤ አፅፊና ራስሽ ይዘሽላቸው ሂጂ፣ በሰው አትላኪ። ባዶ እጅሽንም አትሂጂ፣ አንድ ሁለት ኪሎ ቡና ያዢ። ሰዎች ከስራ ሲወጡ ልምድና ብራቸውን ተቀብለው ዋሱን ይረሱታል፣ ሰውየው ከአመታት በኋላ ለራሱ ጉዳይ ሲንቀሳቀስ ነው የማያውቀው ስም ፋይሉ ውስጥ የሚያገኘው። ጋሼ ይሄን ማድረግሽን ከጓደኛቸው ሲሰሙ ምን እንደሚሰማቸው አስቢው።

ለአዲሱ ስራ ዋስ ግን ጋሼን በዛኑ ቀን አትጠይቂ። እለያለሁ ብለሽ በዛው ትንፋሽ ዋስ ይፈልጉልኝ ማለት ከባድ ነው፣ እምቢ ለማለትም አይመቻቸውም። መጀመሪያ ሌላ ሞክሪ፣ ሲቪሽን ያስላከችሽ ልጅ የምታውቀው ሰው፣ ማታ አብረውሽ ተምረው አሁን መንግስት መስሪያ ቤት ወይ ባንክ የገቡ ልጆች፣ 7 አመት አዲስ አበባ ኖረሻል፣ ያኔ እንደነበርሽው ማንም የሌለሽ አይደለሽም። ከጠፋ ከሁለት ሳምንት በኋላ "ጋሼ ካልከበደዎት ብቻ" ብለሽ ጠይቂ። እሳቸው ራሳቸው ዋስ አለሽ ወይ ብለው ቢጠይቁሽም አይገርመኝም።

አክስትሽን ደሞ አትከራከሪያት። እንደሷ ያለ ሰው ውለታ የማይረሳ ልጅ ማሳደግ ነው የሚፈልገው። ለጋሼ ከነገርሽ በኋላ ደውለሽ እንዴት እንደነገርሻቸው አጫውቻት፣ ለመስቀል ወይ ለእንቁጣጣሽ ቤታቸው ሄደሽ እንደምትጠይቂያቸውም ንገሪያት። እና ሂጂ ደሞ፣ ልጆቻቸውን ተዋወቂ፣ ወንድምሽንም ይዘሽው ሂጂ።

ጥያቄ

የእኔ ጥያቄ አጭር ነው። ሀዋሳ ጋራዥ አለኝ። አንድ ልጅ ረዳት ሆኖ ገብቶ 6 አመት ከእኔ ጋር ሰራ፣ ሞተር ማውረድ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ቤቴ ገብቶ የሚበላ ልጅ ነበር። ካቻምና የደሞዝ ጭማሪም አድርጌለት ነበር። ባለፈው ወር ትልቅ የመኪና ድርጅት ውስጥ ስራ አገኘሁ ብሎ ሄደ። ማስጠንቀቂያ አልከለከለኝም፣ ወሩን ሰርቷል። አሁን የስራ ልምድ ስጠኝ ሲለኝ በጣም ስለከፋኝ አልሰጥም አልኩት። ባለቤቴ ተሳስተሃል ትለኛለች፣ እናንተስ?

ከሀዋሳ

መልስ

ወንድሜ፣ መከፋትዎ ይገባኛል፣ ከላይ ያለችውን የልጅቷን ደብዳቤ ያንብቡልኝ፣ ያንን የፃፈችው እንደርስዎ አይነት አለቃ ስላላት ነው። ልጁም እርስዎ ጋር ሊናገር ከመግባቱ በፊት እንደሷ ስንት ሌሊት ሳይተኛ እንዳደረ አናውቅም።

በልምዱ ግን ባለቤትዎ ልክ ናቸው። ሰራተኛ ስራ ሲለቅ የሰራውን የስራ አይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ሲከፈለው የነበረውን ደሞዝ የሚገልፅ ማስረጃ መስጠት የአሰሪው ግዴታ ነው፣ ቢከፋንም ባይከፋንም። 6 አመት ስለሰራም የስራ ስንብት ክፍያ አለው፣ ለመጀመሪያው አመት የ30 ቀን ደሞዝ ነው፣ ለቀሪዎቹ 5 አመታት ለእያንዳንዳቸው የዛ አንድ ሶስተኛ፣ ሲደመር የ2 ወር ከ20 ቀን ደሞዝ ይሆናል። ልጁ ይሄን አያውቀው ይሆናል፣ እርስዎ ግን አሁን አወቁ።

ደብዳቤው ላይ "ሰርቷል" ብቻ ብለው አይተዉት፣ ረዳት ሆኖ ገብቶ ሞተር አውርዶ ለብቻው እስከመግጠም መድረሱን ይፃፉለት፣ ያስተማሩት እርስዎ ስለሆኑ ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም። ማህተም ያድርጉበትና ይደውሉለት፣ በምሳ ሰአት ቤት መጥቶ ይውሰድ።